120 ፎቶ እና አንድ የተሳሳተ ፒን፦ የአንድ ደብረ ማርቆስ ፔንሲዮን የጉዳይ ጥናት

ከዳንግላም፣ ከፍኖተ ሰላምም፣ ከባሕር ዳርም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰኛል። "ፎቶዬ ላይ ሎኬሽን ካስገባሁ ጉግል ላይ ከላይ እወጣለሁ ወይ?" የሚል ነው። መልሱን በቃል ስናገር ብዙም አያሳምንም። አንዱ ገንዘብ ተቀብሎ "ይሠራል" ሲል፣ ሌላው በነጻ "አይሠራም" ሲል፣ ሰው የሚያምነው የከፈለበትን ነው። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ላይ ከአንዲት የፔንሲዮን ባለቤት ጋር ከጥቅምት እስከ ሐምሌ 2015 የሠራነውን እንዳለ አስቀምጣለሁ። ባለቤቷ ስማቸው እንዳይጠቀስ ጠይቀውኛል። የቤቱንም ስም አልጠቅስም።

## ቤቱ

ፔንሲዮኑ 14 ክፍል አለው። ከመናኸሪያው በእግር አምስት ደቂቃ ቢያስኬድ ነው። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ እኔ "እትዬ" ነው የምላቸው። ቤቱን የሚያስተዳድሩት ከእህታቸው ልጅ ጋር ነው።

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዓባይ በረሃን ወርዶ የወጣ ሰው፣ ደጀንን አልፎ ደብረ ማርቆስ ሲደርስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል። ባሕር ዳር ገና ሩቅ ነው። ከመሸ ያድራል። ድሮ እንግዳው ከመኪና ሲወርድ "አልጋ የት ይገኛል?" ብሎ የሚጠይቀው ረዳቱን ወይም በሩ ላይ የቆመውን ደላላ ነበር። እትዬም ለደላላ እየከፈሉ ኖረዋል። ኋላ ላይ ወጣቱ መንገደኛ ገና መኪናው ውስጥ እያለ ስልኩን አውጥቶ መፈለግ ጀመረ። እሳቸውም ይህን በዓይናቸው አይተዋል። "ልጆቹ ስልካቸውን እያዩ በደጄ አልፈው ይሄዳሉ" አሉኝ።

## የተከፈለበት ሥራ

እኔ ከመምጣቴ ሁለት ወር በፊት አንድ ወጣት መጥቶ አነጋግሯቸዋል። ፎቶ ያነሳል፣ በየፎቶው ውስጥ የቦታውን መጠቆሚያ ያስገባል፣ ጉግል ማፕ ላይ ይጭናል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ "ፔንሲዮን" ብሎ ለሚፈልግ ሁሉ ቤቱ መጀመሪያ ላይ ይወጣል። ዋጋው 8,000 ብር ነበር። ከፈሉት። ልጁም ያለውን ሠራ። 120 ፎቶ ተጫነ።

ምንም አልተለወጠም።

ልጁ አጭበርባሪ ነው የሚል እምነት የለኝም። በየቦታው ተጽፎ ያነበበውን አምኖ ነው የሸጠው። የሚያሳዝነኝ ግን 8,000 ብሩ ከመሄዱ በፊት ማንም ሰው አንድ ፎቶ ከፍቶ ውስጡን አለማየቱ ነው።

## በፎቶ ውስጥ ያለው ቁጥር

ነገሩን ለማያውቅ በአጭሩ ላስረዳ። ስልክ ፎቶ ሲያነሳ ከምስሉ ጋር አንድ የተደበቀ ማስታወሻ አብሮ ያስቀምጣል። ኤግዚፍ ይባላል። የስልኩ ዓይነት፣ ቀኑና ሰዓቱ እዚያ ውስጥ አሉ። የካሜራው የሎኬሽን ማብሪያ ክፍት ከሆነ ደግሞ የጂፒኤስ ኬንትሮስና ኬክሮስ ይጨመርበታል። ጂኦታግ የሚባለው ይህ ነው።

ማስታወሻው በቀላሉ ይጠፋል። ፎቶውን በቴሌግራም እንደ ፎቶ ብትልከው ቁጥሩ ይወልቃል። እንደ ፋይል ብትልከው ግን አብሮ ይሄዳል። ፌስቡክ ላይ የተጫነ ፎቶም ለሕዝብ ሲታይ ቁጥሩ የለበትም። ሌላው ነገር፣ ማንም ሰው በነጻ መተግበሪያ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቁጥሩን ሊቀይረው ይችላል። ጎዛምን የተነሳ ፎቶ ፓሪስ ነው ማለት ይቻላል። እንዲህ በቀላሉ የሚቀየር ነገር ደረጃ ለመስጠት አስተማማኝ ማስረጃ አይሆንም።

ጉግል ራሱ የአካባቢ ፍለጋ ውጤትን በሦስት ነገር እንደሚወስን ጽፏል። የመጀመሪያው ንግዱ ከተፈለገው ነገር ጋር ያለው ተዛማጅነት ነው። ሁለተኛው ርቀት ነው። ሦስተኛው ታዋቂነት ነው፤ ሪቪው (ደንበኞች የሚጽፉት አስተያየት)፣ ስለ ንግዱ በሌላ ቦታ የተጻፈ ነገር፣ የመሳሰለው። ገንዘብ ከፍሎ ይህን ደረጃ ማሻሻል እንደማይቻልም በግልጽ ያስቀምጣል። የጉግል የፍለጋ ባለሙያ ጆን ሙለርም ለፍለጋ ደረጃ ብሎ ፎቶን ጂኦታግ ማድረግ እንደማያስፈልግ ተጠይቆ መልሷል።

ይህን ሁሉ ለእትዬ ነገርኳቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ "እሺ፣ የእኔን አሳየኝ" አሉ። ትክክል ነበሩ።

## ስንከፍተው ያየነው

ፎቶዎቹ በፍላሽ ነበሩ። ላፕቶፕ ላይ ከፍተን የእያንዳንዱን ቁጥር በዝርዝር አወጣን። መቶዎቹ ላይ ያለው ቁጥር እስከ መጨረሻው አሃዝ አንድ ነው። ይህ በተፈጥሮ አይሆንም። በር ላይ፣ ክፍል ውስጥ፣ ጓሮ የተነሱ ፎቶዎች ትንሽ ትንሽ ይለያያሉ። የስልክ ጂፒኤስ ሰማይ በተገለጠበት ሜዳ እንኳ አምስት ሜትር ያህል ይዋልላል፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ቁጥሩ በእጅ የተጻፈ ነው ማለት ነው።

የቀሩት 20 ፎቶዎች ላይ ያለው ቁጥር ከባሕር ዳር ነበር። ልጁ ባሕር ዳር ለሚፈልጉ ሰዎችም ቤቱ እንዲታይ አስቦ ነው። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ላፕቶፑ ጠጋ አሉ። አረንጓዴ ብርድ ልብስ የለበሰች አልጋ ታየቻቸው። "ይቺ እኮ 6 ቁጥር ናት" አሉ። "6 ቁጥር መቼ ነው ባሕር ዳር የሄደችው?"

መልስ አልነበረኝም። መቶው ፎቶ የያዘውን ቁጥር ካርታ ላይ አስቀመጥነው። መናኸሪያው አጠገብ ይወድቃል ብለን ስንጠብቅ መሐል ከተማ ወደቀ። ከቤቱ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይርቃል። ልጁ ይህን ቁጥር ከየት አመጣው? ከራሱ ከፔንሲዮኑ የጉግል ማፕ ፒን (ቤቱን ካርታ ላይ ከሚያሳየው ምልክት) ላይ ነበር የቀዳው።

የተሳሳተው ፒኑ ነው።

አመጣጡንም አገኘነው። ከዓመታት በፊት ፕሮፋይሉን፣ ማለትም የቤቱን የጉግል ማፕ ገጽ፣ የከፈተችው የእህታቸው ልጅ ናት። አድራሻ ሲጠይቃት የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር የሚሞላበት ቦታ መጣ። የእኛ ከተማ የሚታወቀው በሰፈር፣ በቤተ ክርስቲያንና በመናኸሪያ እንጂ በመንገድ ስም አይደለም። "ደብረ ማርቆስ" ብላ ጻፈችና አለፈች። ካርታው ከዚህ በላይ መረጃ ስላላገኘ ፒኑን የከተማዋ መሐል ላይ ጣለው። ማንም ወደ ቦታው አልመለሰውም። መሳሳቱን እንኳ ያየ አልነበረም፤ የቤቱ ሰው የራሱን ቤት በካርታ አይፈልግማ።

መናኸሪያ ቆሞ የሚፈልግ ሰው ታዲያ ስልኩ የሚያሳየው እትዬ ቤት በአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ እንዳለ ነው። ቅርብ ያሉት ሌሎች ይቀድማሉ።

## ሙከራው

ፒኑን በዚያው ቀን ማስተካከል ይቻል ነበር። እትዬን ግን አንድ ወር እንዲታገሱኝ ለመንኳቸው። ፒኑንና ፎቶዎቹን አብረን ከቀየርን የትኛው እንደሠራ መቼም አናውቅም። የጂኦታግ ነገር ለብቻው ይፈተን አልኳቸው። "ሳይንስ አስተምሬያለሁ፤ አንድ በአንድ ነው የሚለወጠው" ብለው ፈቀዱ።

የሠራነው እንዲህ ነው። የእህታቸው ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ቦታ ትቆማለች። አንዱ መናኸሪያው በር ነው። ሁለተኛው የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሐውልት ያለበት አደባባይ ነው። ሦስተኛው ዩኒቨርሲቲው በር ነው። ሁልጊዜ በአንድ ስልክ፣ ከጉግል አካውንት ወጥታ፣ "አልጋ"፣ "ፔንሲዮን" እና "ሆቴል" ብላ ትፈልጋለች፤ የኋለኞቹን ሁለቱን በእንግሊዝኛ ፊደልም ትጽፋቸዋለች። ቤቱ ስንተኛ እንደሆነ በደብተር ትመዘግባለች።

ከአካውንት መውጣቱ ቀላል ነገር አይደለም። የራስህን ቤት ደጋግመህ ስትከፍት የኖርክበት አካውንት ቤትህን ከፍ አድርጎ ሊያሳይህ ይችላል። ብዙ ሰው "አንደኛ ወጣሁ" የሚለው በራሱ ስልክ ብቻ ሲያይ ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ መናኸሪያው በር ላይ እስከ ታች ብትወርድም ቤቱ አልነበረም። አደባባዩ ላይ ግን ነበር፣ ያውም ከዝርዝሩ መሐል። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ የለም። ልብ በሉ፣ 120ዎቹ ፎቶዎች በዚህ ጊዜ ከተጫኑ ሁለት ወር አልፏቸዋል።

ከዚያ አሥር አዲስ ፎቶ አነሳን። ሎኬሽን ክፍት ነው፣ ቁጥሩ እውነተኛ ነው፣ እያንዳንዱ ፎቶ ከቤቱ ግቢ ውስጥ ወድቋል። ጫንናቸው። አንዱን ከፕሮፋይሉ መልሰን አውርደን ስንከፍተው ቁጥሩ የለም፣ ወልቋል። ይህ ብቻውን ጉግል ቁጥሩን አላየውም አያሰኝም፤ አይቶ ሊያወልቀው ይችላል። ለዚህ ነው አራት ሳምንት የጠበቅነው።

በአራቱም ቅዳሜ ደብተሩ ላይ የተጻፈው ያው ነው። መናኸሪያ፦ የለም። አደባባይ፦ ያው ቦታ፣ አንዴ አንድ ወደ ላይ፣ አንዴ አንድ ወደ ታች። ዩኒቨርሲቲ፦ የለም።

## ፒኑን መመለስ

ታኅሣሥ ላይ ወደ ፒኑ ዞርን። የጂኦታግ ጥቅም እዚህ ላይ መጣ፣ እኔም ያልጠበቅኩት ነው። አዲሶቹ አሥር ፎቶዎች የቤቱን ትክክለኛ ቦታ ይዘውልናል። ከበሩ ላይ የተነሱትን ሦስቱን ወሰድን። ሦስቱም ላይ ከነጥብ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ አራት አሃዞች ተመሳሳይ ነበሩ። በአራተኛው አሃዝ ላይ የአንድ ልዩነት 11 ሜትር ያህል ስለሆነ ለአንድ በር ይበቃል። ፒኑን እዚያ አኖርነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፎቶው ቁጥሩን በዲግሪ፣ በደቂቃና በሰከንድ ሊያሳይ ይችላል። 10 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ማለት 10.20 አይደለም። ደቂቃው ለ60 ይካፈላል፤ 10.33 ገደማ ይሆናል። አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና፣ ይህን ያምታታ ሰው ፒኑን ወደ 15 ኪሎ ሜትር ርቆ ገበሬ ማሳ ላይ ይተክለዋል።

ፒኑን ስንጎትት ጉግል እንደገና ማረጋገጫ ጠየቀ። በቪዲዮ ነው። ሳይቆራረጥ በአንድ ትንፋሽ የሚቀረጽ ሆኖ አካባቢውን፣ ታፔላውንና ቤቱን የሚያስተዳድረው ሰው መሆንህን ማሳየት አለበት። እትዬ ራሳቸው ልቅረጽ አሉ። ጋቢያቸውን ደርበው ከአስፋልቱ ጀመሩ፣ በሩን በቁልፍ ከፈቱ፣ ንግድ ፈቃዱ የተሰቀለበትን ግድግዳ አሳዩ፣ የክፍል ቁልፎች የተደረደሩበትን ሰሌዳ አሳዩ። በቀን ኔትወርኩ አልጭን አለ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የእህታቸው ልጅ ተነስታ ላከችው።

አልተቀበሉትም።

ምክንያቱ አልተገለጸልንም። እኛ ያገኘነው ግን አለ። ፕሮፋይሉ ላይ ያለው ስም ልጁ "ምርጥ"፣ "ርካሽ" እና "ደብረ ማርቆስ" የሚሉ ቃላት የቀጠለበት ረጅም ስም ነበር። ታፔላው ላይ ያለው ሁለት ቃል ብቻ ነው። ታፔላና ፕሮፋይል ካልተመሳሰሉ ያ ቤት ያ ቤት መሆኑን ማን ይመሰክራል? ስም ላይ እንዲህ ዓይነት ቃል መጨመር በጉግል ደንብም የተከለከለ ነው። ስሙን ታፔላው ላይ እንዳለ አደረግነው። ቪዲዮውን እንደገና ቀረጹ። ከጥምቀት በፊት ጸደቀ።

## የሠራው

ጥር መጨረሻ ላይ መናኸሪያው በር "ፔንሲዮን" ተብሎ ሲፈለግ ቤቱ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ ገባ። "አልጋ" ሲባልም ይመጣል። ስሙንና ፒኑን በተቀራራቢ ጊዜ ስለለወጥን የእያንዳንዱን ድርሻ ለይቶ መናገር አይቻልም። ነገር ግን ከስም ላይ ቃል መቀነስ ከፍ ያደርጋል ብዬ አላምንም። ያነሳው ፒኑ ነው።

ከእኔ ደብተር ይልቅ የእትዬ ደብተር ይበልጥ ያሳምነኛል። የእንግዳ መዝገባቸው ላይ አንድ ዓምድ ጨመሩ፦ "በምን መጡ?" የሚል። ኅዳር ላይ ያለው "በረዳት"፣ "በደላላ"፣ "በሰው" ብቻ ነው። መጋቢት ላይ "በማፕ" የሚለው መታየት ጀመረ። ሚያዝያ ላይ ፋሲካን ለማክበር ወደ አገር ቤት የሚገባው ሲያልፍ ከግማሽ ገጽ በላይ "በማፕ" ነበር። በእስክሪብቶ የተጻፈ ዓምድ ነው፣ ግን እንግዳው ቁልፍ እየተቀበለ በአፉ የተናገረው ነው።

ፕላስ ኮድም ጠቅሞናል። ጉግል ማፕ የመንገድ ስም ለሌለው ቦታ የሚሰጠው አጭር የፊደልና የቁጥር አድራሻ ነው። ለደንበኛ በስልክ መንገር፣ በካርድ ላይ ማተም ይቻላል። እትዬ ከታፔላው ግርጌ አስጻፉት።

ፎቶዎቹም ዋጋ አልነበራቸውም አልልም። ከ120ው ውስጥ ብዙዎቹ የአንድ አልጋ አራት አምስት ግልባጭ ስለነበሩ አጠፋናቸው። ይልቅ ከመናኸሪያው ወጥቶ እስከ በሩ ያለውን መንገድ የሚያሳዩ፣ ታፔላውን በቀንና በማታ የሚያሳዩ አስገባን። አንዲት ተማሪ መሽቶ ደርሳ "ሰማያዊውን በር በፎቶ አይቼው ስለነበር አልፈራሁም" አለቻቸው። በፎቶው ቁጥር ሳይሆን በምስሉ ነው የመጣችው።

## ያልሠራው

ጂኦታጉ አልሠራም። የሐሰተኛውም፣ የእውነተኛውም።

አደባባዩ ላይ ደግሞ የነበረንን አጣን። ፒኑ ወደ ትክክለኛ ቦታው ሲመለስ መሐል ከተማ ላይ ከሚታዩት ውስጥ ወጣን። እትዬ ይህን ሲሰሙ ከፍቷቸው ነበር። ነገር ግን መሐል ከተማ ሆኖ ያየን ሰው በካርታው ሲሄድ የሚያገኘው የሌላ ሰው ሱቅ ነበር። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ እስከ መጨረሻውም አልታየንም። እዚያ የቀረቡት ሌሎች ናቸው።

በሪቪው ጉዳይ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ላይ ቤተሰብ ይጻፍ ስባል ዝም አልኩ። ዘጠኝ ዘመድ በአንድ ምሽት በቤቱ ዋይፋይ ዘጠኝ ሪቪው ጻፈ። በጥቂት ቀን ውስጥ ሁሉም ጠፉ። ቀጥሎ "ሪቪው ለጻፈ ቡና በነጻ" የሚል ሐሳብ መጣ፤ ይህም በደንቡ የተከለከለ ነውና ተውነው። በመጨረሻ እንግዶች ቁልፍ ሲመልሱ እትዬ "በር ፍለጋ ተቸግረው ነበር? ማፕ ላይ ይጻፉልን፣ ለሚቀጥለው ይጠቅማል" ማለት ጀመሩ። ሰው ዝም ብሎ "ጻፉልኝ" ሲሉት አይጽፍም። ለሚቀጥለው መንገደኛ ሲባል ግን ይጽፋል።

## ለሌላ ቤት የሚሆነው

ለፎቶ ጂኦታግ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ቤትህ በር ላይ ቁም። ካርታው ላይ ያለህበትን ሰማያዊ ነጥብና የቤትህን ፒን አስተያይ። ሁለቱ ካልተገናኙ ችግርህን አገኘኸው። ይህ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። በተለይ አድራሻውን በከተማ ስም ብቻ ሞልቶ ያለፈ ሰው በቶሎ ይየው።

የፎቶን ቁጥር እንደ መለኪያ ተጠቀምበት። ከበርህ ላይ ሰማይ በሚታይበት ቦታ ሦስት ፎቶ አንሳና ቁጥራቸውን አስተያይ። ሦስቱ ከተስማሙ ቦታህን ይነግሩሃል።

ያልሄድክበት ከተማ ቁጥር ፎቶህ ላይ አታስገባ። ዳንግላ ያለ ሰው ባሕር ዳር ነኝ ቢል የሚያታልለው ካለ የደከመውን መንገደኛ ነው።

ስምህ በታፔላው፣ በንግድ ፈቃዱና በፕሮፋይሉ ላይ አንድ ይሁን። የከተማውንም ስም በአንድ አጻጻፍ ያዝ። ደብረ ማርቆስን በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ አጣብቆ፣ ሌላው ነጥሎ ይጽፈዋል። የእኛው ቤት በተለያየ ቦታ በሦስት ዓይነት ተጽፎ ነበር።

ስለ ቤተሰብህም አስብ። ከ120ው ፎቶ መሐል አንዱ የእትዬ ልጅ ቤት የተነሳ የቡና ሥነ ሥርዓት ነበር። ቁጥሩ በእጅ ከመቀየሩ በፊት የነበረው የስልኩ ኦሪጅናል ፋይል የልጅቷን መኖሪያ ቤት በር ድረስ ያሳያል። ያን ፋይል በቴሌግራም እንደ ፋይል የተቀበለ ሁሉ ቤቷን አወቀው ማለት ነው። ከመኖሪያ ቤት የተነሳ ፎቶን ሎኬሽኑን አጥፍተህ ላክ።

## የቀረው

ልኬታችን ሐምሌ 2015 ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ በክልሉ የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፣ መንገዱም እንደ ድሮው አልሆነም። የቅዳሜው ደብተር እዚያው ላይ ቀርቷል።

አንድ ነገር ግን ሳይዘጋ አለ። መሐል ከተማ ላይ፣ ድሮ ፒኑ በነበረበት ቦታ፣ አንድ ያላወቅነው ሰው የከፈተው ሁለተኛ የቤቱ ፕሮፋይል አለ። አሮጌ ስልክ ቁጥር አለበት። እንዲነሳ ሁለት ጊዜ አመልክተናል። እትዬ አሮጌውን ሲም ካርድ ከመሳቢያ አውጥተው ትንሽዋ ስልክ ውስጥ ከተውታል። ቁልፎቹ ከተደረደሩበት ሰሌዳ ሥር ቻርጅ ላይ ናት። ስትጮህ እሳቸው ያነሳሉ፤ "መሐል ከተማ አይደለም ልጄ፣ ወደ መናኸሪያው ተመለስ" ይላሉ።